ሪሎኬሽን፦ ከመፈረማችን በፊት በሁለት ገጽ የምንጽፈው ሒሳብ

«ሪሎኬሽን» የሚለው ቃል እኛ ቤት የገባው በቅርቡ ነው። ወላጆቻችን የሚያውቋቸው ቃላት ሌሎች ናቸው። «ስደት»ን ያውቃሉ፣ «አሊያ»ን ያውቃሉ። ከዕብራይስጡ ደግሞ «የሪዳ» ሲባል ሰምተዋል፤ ከእስራኤል ወጥቶ ሌላ አገር መኖር ማለት ነው፣ ቃሉም ነቀፌታ አለበት። ሪሎኬሽን ግን ሌላ ነገር ነው። ኩባንያ ሠራተኛውን ለተወሰነ ጊዜ ሌላ አገር ወዳለው ቅርንጫፍ ሲልከው፣ ወይም ሠራተኛው ራሱ እዚያ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ የምንጠቀምበት ቃል ነው። እኛ ልጆቹ ስንሰማው ዕድገት ይመስለናል። ወላጆቻችን ሲሰሙት ግን ከሦስቱ አሮጌ ቃላት በአንዱ ይተረጉሙታል።

ይህን ጉዳይ የማነሳው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ የማጠናው ስለ ሥራና ስለ ሠራተኛ ሕግ ነው። ሁለተኛ፣ ጎን ለጎን የምሠራበት ኩባንያ ቦስተን አካባቢ ወዳለው ቅርንጫፉ ለሦስት ዓመት እንድሄድ ጠይቆኛል። ጓደኞቼን ሳማክር ግማሾቹ «እንዴ! ምን ታስቢያለሽ? ሂጂ እንጂ» አሉኝ። ግማሾቹ ደግሞ «ወላጆችሽንስ ለማን ትተሽ?» አሉ። ሁለቱም መልሶች ችኩል መሰሉኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና አንድ ወረቀት አወጣሁ። በአንዱ ገጽ ውሉን፣ በጀርባው ቤቱን ጻፍኩ። እናንተም ነገ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣባችሁ እንዲጠቅማችሁ ሁለቱን ገጾች እዚህ አብራራለሁ።

ገጽ አንድ፦ ውሉ

በደመወዙ ቁጥር እንጀምር፤ መጀመሪያ ዓይን የሚስበው እሱ ስለሆነ። እኛ አገር ደመወዝ የሚነገረው በወር ነው፤ አሜሪካ ግን በዓመት ይነገራል። ስለዚህ ቁጥሩ ከመጀመሪያው ትልቅ ይመስላል። ለምሳሌ አንድ ሰው በዓመት 110,000 ዶላር ቢሰጠው በወር ወደ 9,170 ዶላር ነው። ከዚያ የፌዴራል ግብር ይቀነሳል፤ ለነጠላ ሰው በግምት 16,000 ዶላር በዓመት ነው። ለሶሻል ሴኩሪቲ 6.2 በመቶ፣ ለሜዲኬር 1.45 በመቶ ይቆረጣል፤ ሁለቱ ሲደመሩ 8,415 ዶላር ይሆናሉ። ማሳቹሴትስ የራሱ የግዛት ግብር አለው፤ 5 በመቶ ነው። በግዛት ግብር በኩል አሜሪካ አንድ አገር ናት ማለት አይቻልም። ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳና ዋሽንግተን ግዛት ከደመወዝ ላይ የግዛት ግብር አይቆርጡም። «አሜሪካ» ሲሏችሁ «የትኛው ግዛት?» ብላችሁ ጠይቁ።

ይህ ሁሉ ሲቀነስ ለዚያ ሰው በወር 6,600 ዶላር ገደማ ይቀረዋል። የቤት ኪራዩ 2,700 ቢሆን ከግማሽ ብዙም የማያንስ ያዘ። የጤና ኢንሹራንስ ገና አልተቆረጠም። እዚህ የጤና መዋጮ ከደመወዛችን ተቆርጦ በኩፓት ሆሊም እንታከማለን፤ ሐኪም ጋ ስንሄድ ስለ ዋጋው ብዙም አናስብም። እዚያ ግን ኢንሹራንስ እያለም ከኪስ የሚከፈል የመጀመሪያ ድርሻ አለ። ስለዚህ ኩባንያው ኢንሹራንስ «ይሰጣል» ብቻ አይበቃም። ከደመወዝ በወር ስንት ይቆረጣል? ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሴ በዓመት እስከ ስንት እከፍላለሁ? እነዚህ ሁለት ቁጥሮች በጽሑፍ ይምጡ።

በደመወዝ ወረቀት ላይ የማይታዩ ነገሮችም አሉ። እስራኤል ውስጥ አሠሪ ለሠራተኛው ፔንስያ እንዲያስገባ በሕግ ይገደዳል፤ ቢያንስ 6.5 በመቶ ለጡረታ፣ 6 በመቶ ደግሞ ለፒትሱይም። አሜሪካ ውስጥ አሠሪው ለጡረታ ቁጠባ የሚጨምረው እንደ ኩባንያው ፖሊሲ ነው። እዚህ የዓመት ዕረፍት በሕግ የተወሰነ ነው፤ እዚያ የፌዴራል ሕጉ የሚከፈልበት ዕረፍት አያስገድድም። እዚህ በቂ ጊዜ የሠራች እናት ለ15 ሳምንት የወሊድ ክፍያ ከቢቱዋሕ ሌኡሚ ታገኛለች፤ እዚያ የፌዴራሉ ሕግ የሚሰጠው 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ነው፣ እሱም ለሁሉም ሠራተኛ አይደለም። አንዳንድ ግዛቶች የራሳቸውን ጨምረዋል፤ ማሳቹሴትስ አንዷ ናት። ልጅ ለመውለድ የምታስቡ ባልና ሚስት ይህን ከደመወዙ እኩል ቁጠሩት።

ከደመወዝ ቀጥሎ ቪዛ ነው። ኩባንያው ከእስራኤል ቅርንጫፉ ሲያዛውራችሁ ብዙ ጊዜ የሚጠቀመው ኤል ዋን የሚባለውን ቪዛ ነው። ለእሱ ባለፉት ሦስት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ አንድ ዓመት ሳይቋረጥ በዚያው ኩባንያ ከአሜሪካ ውጭ መሥራት ያስፈልጋል። የትዳር ጓደኛ ኤል ቱ ያገኛል፣ መሥራትም ይችላል። ኤች ዋን ቢ የሚባለው ሌላው ቪዛ ግን በዓመት 65,000፣ እዚያው አሜሪካ ማስተርስና ከዚያ በላይ ለተማሩ ደግሞ ተጨማሪ 20,000 ነው፤ ጠያቂው ስለሚበዛ ዕጣ ይወጣል። የትዳር ጓደኛውም ወዲያው ሥራ አይፈቀድለትም። ጥንዶች ሆናችሁ ስትሄዱ በአንድ ደመወዝና በሁለት ደመወዝ መካከል ያለውን ልዩነት የሚወስነው የቪዛው ዓይነት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ቪዛው የታሰረው ከአሠሪው ጋር ነው። ሥራው ከተቋረጠ ሌላ መፍትሔ ለማግኘት የሚሰጠው ጊዜ ቢበዛ 60 ቀን ነው። የቤት ኪራይ ውል፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ መኪና፣ ሁሉም በ60 ቀን ውስጥ ሊፈታ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ «ከሥራ ብቀነስ የመመለሻ ትኬትና የዕቃ ማጓጓዣ ማን ይከፍላል?» የሚል መስመር ያስፈልጋል። ከእስራኤል ያለው የሥራ ቦታዬ ይጠበቅልኛል ወይ የሚለውም እንዲሁ። ሥራ አስኪያጅ በቃል «አትጨነቂ» ሊል ይችላል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ግን እሱም እዚያ ላይኖር ይችላል።

ከአሜሪካ ሌላ አገር ከሆነ ሒሳቡ ይለወጣል። ጀርመንን እንውሰድ። የእስራኤል ዜጋ ያለ ቪዛ ገብቶ የመኖሪያና የሥራ ፈቃዱን እዚያው ሆኖ መጠየቅ ይችላል፤ ሥራ የሚጀምረው ግን ፈቃዱ በእጁ ሲገባ ነው። የብሉ ካርድ ፈቃድ ያገኘ ሰው የትዳር ጓደኛም መሥራት ይችላል። በእስራኤልና በጀርመን መካከል ደግሞ የማኅበራዊ ዋስትና ስምምነት አለ። በእስራኤልና በአሜሪካ መካከል እንዲህ ያለ ስምምነት የለም። ይህ ምን ማለት ነው? አሜሪካ የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ለማግኘት 40 ነጥብ ያስፈልጋል፤ በዓመት የሚገኘው ቢበዛ አራት ስለሆነ አሥር ዓመት ሥራ ነው። ሦስት ዓመት ከፍሎ የተመለሰ ሰው የከፈለውን ከእስራኤሉ ጋር ማዳመር አይችልም። ያ 6.2 በመቶ እዚያው ቀረ ማለት ነው።

እዚህ የሚጠብቁን መብቶች

ብዙዎቻችን «ዜጋ ነኝ፣ መብቴ የትም አይሄድም» እንላለን። ዜግነትና ነዋሪነት ግን የተለያዩ ናቸው። ቢቱዋሕ ሌኡሚና የጤና መድን የሚቆሙት በነዋሪነት፣ በዕብራይስጡ «ቶሻቭ» በመሆን ላይ ነው። ውጭ ሳላችሁም ነዋሪ ተብላችሁ እስከተቆጠራችሁ ድረስ መዋጮ ይጠበቅባችኋል፤ ካልተከፈለ ዕዳው ዝም ብሎ ይጠራቀማል። የእስራኤል አሠሪ እዚህ በተፈረመ ውል የላከው ሰውና ከውጭ አገር ኩባንያ ጋር በቀጥታ የተዋዋለ ሰው ሁኔታቸው አንድ አይደለም። ስለዚህ «ደመወዜን የሚከፍለው የትኛው ኩባንያ ነው፣ የእዚህኛው ወይስ የዚያኛው?» ብሎ መጠየቅ ትልቅ ጥያቄ ነው። ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ውጭ ኖሮ ነዋሪነቱ የተቋረጠበት ሰው ሲመለስ የኩፓት ሆሊም አገልግሎት ለማግኘት እስከ ስድስት ወር ሊጠብቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ በአንድ ክፍያ ማሳጠር ይቻላል። ከመውጣታችሁ በፊት ቢቱዋሕ ሌኡሚ ቅርንጫፍ ሄዳችሁ ሁኔታችሁን አስመዝግቡ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ።

ግብርም ሌላ መለኪያ አለው። ማስ ሃክናሳ የሚያየው የሕይወታችሁ ማዕከል የት እንደሆነ ነው፦ ቤታችሁ፣ ቤተሰባችሁ፣ ንብረታችሁ። የቀን ቆጠራም አለ። በግብር ዓመቱ 183 ቀን እስራኤል የቆየ፣ ወይም በዚያ ዓመት 30 ቀን ቆይቶ ካለፉት ሁለት ዓመታት ጋር 425 ቀን የሞላ ሰው፣ ሌላ እስካልተረጋገጠ ድረስ ነዋሪ እንደሆነ ይገመታል። ሁለቱ አገሮች ድርብ ግብርን የሚከለክል ስምምነት አላቸው፤ ሪፖርት የማቅረቡ ጣጣ ግን አይቀርም።

ፔንስያችሁንም አትርሱ። ገንዘብ መግባት ሲያቆም የአካል ጉዳትና የቤተሰብ መድኑ ለአምስት ወር ያህል በራሱ ይቀጥላል። ከዚያ በላይ እንዲቆይ ካስፈለገ ራሳችሁ ጠይቃችሁ ማስረዘም አለባችሁ፤ ቢበዛ እስከ 24 ወር ይደርሳል። ለጉዞ ወጪ ብላችሁ ፒትሱይም ማውጣት ደግሞ የጡረታችሁን አንድ ክፍል መብላት ነው።

ገጽ ሁለት፦ ቤቱ

እስካሁን የጻፍኩትን ከማንኛውም እስራኤላዊ ጓደኛችሁ ልትሰሙት ትችላላችሁ። ሁለተኛው ገጽ ግን የእኛ ነው።

ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ ደመወዝ የሌለው ሥራ አለን። የኩፓት ሆሊም ደብዳቤ ሲመጣ እናነባለን። ባንክ ሲደወል ስልኩን እንቀበላለን። የወላጆች ስብሰባ ላይ ለታናሽ ወንድማችን የምንተረጉመው እኛ ነን፤ አንዳንዴም መምህሩ ከተናገረው ትንሽ አለዝበን። ይህን ሥራ ማንም ሥራ ብሎ አይጠራውም። «ልጄ፣ ይቺን ወረቀት እይልኝ» ነው የሚባለው።

ውሳኔው ሲከብደኝ ይህን ሥራ አንድ ወር ሙሉ ደብተር ላይ መዘገብኩት። ወላጆቼ የሚኖሩት ቂርያት ጋት ነው፤ እናቴ የስኳር ሕመም አለባት። በዚያ ወር ዘጠኝ ጊዜ ስለ እነሱ ጉዳይ ስልክ ደወልኩ። ስድስት ደብዳቤና የስልክ መልእክት አነበብኩ። ሦስት ጊዜ ሐኪም ጋ አብሬ ገባሁ። አራት ጊዜ በኢንተርኔት ክፍያና ቀጠሮ ጨረስኩ። አንድ ጊዜ ባንክ ሄድን። ድምሩ 23 ነው፤ በሰዓት ሲቆጠር 14 ሰዓት ገደማ። ወንድሜ ዝርዝሩን ሲያይ «ይህን ሁሉ አንቺ ነሽ እንዴ የምታደርጊው?» አለኝ። አላወቀም ነበር፤ ሥራው የሚታየው የሚሠራው ሰው ሲጠፋ ነውና።

ለዚህ ነው «ወላጆችሽን ለማን ትተሽ?» የሚለው ጥያቄ ግማሽ ብቻ ትክክል የሆነው። ጥያቄው እንዲህ ሲቀርብ ጥፋተኛነት ብቻ ያመጣል። «23ቱን ነገር ማን ይይዛል?» ብለን ስንጠይቅ ግን መልስ ሊኖረው ይችላል። የእኔ ዝርዝር እንዲህ ተከፋፈለ። ኢንተርኔትና ስልክ ከቦስተንም ይሠራል፤ የሰባት ሰዓት ልዩነቱን ካሰብንበት እነዚያ በእኔ ሊቆዩ ይችላሉ። ባንክና በእጅ የሚያዝ ወረቀት የወንድሜ ሆነ። የቀረው ሐኪሙ ነው፤ እሱ ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል።

ስለ ሐኪሙ ማወቅ ያለብን አንድ ነገር አለ። የጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት ለታካሚዎች የቋንቋና የባህል ተደራሽነት እንዲያመቻቹ ይጠየቃሉ። ስለዚህ አማርኛ ተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም። ቀጠሮ ስትይዙ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ኩፓው በስልክም ቢሆን ተርጓሚ እንዲያቀርብ። እውነቱን ለመናገር ይህ ለእናቴም የተሻለ ነው። አንዳንድ ሕመም እናት ለልጇ የማትናገረው አለ። በልጅ በኩል የሚተረጎም ምርመራ ብዙ ጊዜ ጎዶሎ ነው፤ እሷ ታፍራለች፣ እኔ ደግሞ ክፉውን ቃል እዘልላለሁ።

ቀጥሎ ወረቀቱ። ለባንክ፣ ለኩፓት ሆሊምና ለቢቱዋሕ ሌኡሚ ለእያንዳንዱ የራሱ የውክልና ወይም የፈቃድ ፎርም አለ፤ አንዱ ለሌላው አይሠራም። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ዘላቂ ውክልና የሚባል፣ በዕብራይስጥ «ይፑይ ኮኣሕ ሚትማሼኽ»፣ ማዘጋጀት ይቻላል። አንድ ሰው አእምሮው ደህና ሳለ፣ ወደፊት መወሰን ቢያቅተው ማን እንዲወስንለት የሚመርጥበት ሰነድ ነው። የሚፈረመው ለዚህ ሥልጠና ባለው ጠበቃ ወይም በተፈቀደለት ባለሙያ ፊት ነው። እባካችሁ ወላጆቻችንን ያልገባቸውን ወረቀት አናስፈርም። ብዙዎቹ በዚህ አገር ያልገባቸውን ብዙ ወረቀት ፈርመዋል። ቁጭ ብለን፣ ቡና ተፈልቶ፣ በአማርኛ ወይም በትግርኛ መስመር በመስመር እንንገራቸው። እምቢ የማለት መብትም አላቸው።

የገንዘቡም ነገር አለ። ለወላጆች የቤት ብድር ዋስ ሆናችሁ ከፈረማችሁ፣ አገር መልቀቃችሁ ዋስትናውን አያነሳውም። በየወሩ ለቤት የምትሰጡት ካለ በመጀመሪያው ገጽ ካለው 6,600 ላይ ቀንሱት፤ ያኔ ነው እውነተኛው ደመወዝ የሚታየው።

ለቅሶና ሲግድ

ይህን ክፍል ማንም ኩባንያ አያነሳላችሁም። እኛ ዘንድ ቀብር አይዘገይም፤ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ነው። ከቦስተን በቀጥታ ቢበረር እንኳ አሥር ሰዓት አካባቢ በአየር ላይ ነው። ሩቅ ያለ ሰው ለሰባቱ ቀን ሊደርስ ይችላል፤ ለቀብሩ ላይደርስ ይችላል። ይህን መጻፍ ደስ አይልም። ነገር ግን በሆድ ይዞ ከመሄድ ቀድሞ መነጋገር ይሻላል። ውሉ ላይ በዓመት አንድ የቤተሰብ ጉዞ፣ ለድንገተኛ ሐዘን ደግሞ ተጨማሪ ትኬትና የሚከፈልበት ቀን ይጻፍ። ኩባንያ ለቢሮ ወንበር የሚያወጣውን ያህል ገንዘብ ነው፤ ካልጠየቃችሁ ግን ማንም አያስታውሰውም።

ሲግድ ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን፣ ሔሽቫን 29 ነው። በ2008 የክኔሴት ሕግ የአገር በዓል ሆኗል። ቦስተን ውስጥ ግን ተራ የሥራ ቀን ነው። ቀኑን ከዓመት ዕረፍታችሁ ላይ ታወጣላችሁ፣ ለአለቃችሁም ምን እንደሆነ ታስረዳላችሁ። ስለ ማንነትም ተመሳሳይ ማስረዳት ይጠብቃችኋል። ዋሽንግተን ዲሲና ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ብትደርሱ በአማርኛ ሱቅ መግባት፣ እንጀራ መግዛት ትችላላችሁ፤ ቋንቋው በር ይከፍታል። ከዚያ «የየት አገር ልጅ ነሽ?» ሲሏችሁ መልሱ ረጅም ነው። እዚህ ኢትዮጵያዊ ተብለን ያደግን ሰዎች እዚያ መጀመሪያ እንደ ጥቁር አሜሪካዊ፣ ቀጥሎ እንደ ሐበሻ፣ መታወቂያችን ሲታይ ደግሞ እንደ እስራኤላዊ እንታያለን። አንዳንዱ ሰው በዚህ ዕረፍት ያገኛል፣ አንዳንዱ ይደክመዋል። የትኛው እንደሚደርስባችሁ ከወዲሁ ማወቅ ስለማይቻል ለሁለቱም ተዘጋጁ።

«መመለሻው መቼ ነው?»

ወላጆቼ ወደዚህ የመጡት በእግራቸው ሱዳን ገብተው፣ ከዚያ በ1984 መጨረሻ በተጀመረው በኦፕሬሽን ሙሴ ጊዜ ነው። በዚያ መንገድ 4,000 ያህል ወገኖቻችን እንደሞቱ ይገመታል፤ መታሰቢያቸው ሄርጽል ተራራ ላይ ቆሟል። ለእነሱ ኢየሩሳሌም አድራሻ ብቻ አይደለችም። ስለዚህ ስለ ቦስተን ስነግራቸው ስለ ደመወዝ አንድም ነገር አልጠየቁም። እናቴ «እዚያ ብርድ ነው አሉ» ብላ ዝም አለች። አባቴ ግን «መመለሻው መቼ ነው?» አሉኝ።

ውሉን አውጥቼ ፈለግኩ። የመጀመሪያ ቀን ተጽፏል። ደመወዝ ተጽፏል። የመመለሻ ቀን ግን የለም፤ «እንደ ኩባንያው ፍላጎት ሊራዘም ይችላል» ይላል። አባቴ ዕብራይስጥ በደንብ አያነቡም፤ የውሉን ቀዳዳ ግን ከእኔ ቀድመው አገኙት።

ሁለቱ ገጾች የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። በሁለተኛው ገጽ የተጻፈው ሁሉ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመልሶ ጥያቄ መሆን አለበት። እኔ ለኩባንያው አራት ነገር ጽፌ ላክሁ። ጊዜው ሁለት ዓመት ይሁን፣ የሚራዘመውም በእኔ ፈቃድ ብቻ። የምጀምረው በመጋቢት ሳይሆን በመስከረም ይሁን፤ እስከዚያ ከወንድሜ ጋር ሐኪም ጋ እየገባን ሥራውን አስረክባለሁ። የድንገተኛ ጉዞ ትኬት ውሉ ውስጥ ይግባ። ስመለስም እዚህ ያለው የሥራ ቦታዬ ይጠበቅልኝ። ቀኑን ተቀብለዋል። ስለ ሌሎቹ መልስ እየጠበቅሁ ነው። ስለ ሁለቱ ዓመት እምቢ ካሉ አልሄድም፤ ትኬቱን ከከለከሉ ግን ከደመወዜ በየወሩ አስቀምጬ እሄዳለሁ። የትኛው የማይቀር፣ የትኛው የሚቀር እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ራሱ የወረቀቱ ጥቅም ነው።

የእናንተ ሒሳብ ሌላ ሊሆን ይችላል። ወላጆቹ ዕብራይስጥ አቀላጥፈው የሚናገሩ፣ ወይም አምስት ታላላቆች ያሉት ልጅ ሁለተኛ ገጹ ሊቀልለት ይችላል። ብቸኛ ልጅ የሆነች፣ እናቷን የምታስታምም ደግሞ ለጊዜው መቅረትን ልትመርጥ ትችላለች፤ ይህም ውሳኔ ነው፣ ፍርሃት አይደለም። ብቻ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ወር ደብተር ያዙ። ለቤት የምትሠሩትን እያንዳንዱን ነገር፣ ትንሽም ቢሆን፣ ጻፉ። ከዚያ ወንድምና እህቶቻችሁን ሰብስባችሁ ዝርዝሩን ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፣ ከእያንዳንዱ መስመር ጎንም የአንድ ሰው ስም ይጻፍ። ስም ያልተገኘለት መስመር ካለ፣ ከኩባንያው ጋር ቁጭ ከማለታችሁ በፊት በእሱ ላይ ተነጋገሩ።